ላም አለኝ በባህር

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። የባህር ላይ ነዳጅ ፍለጋ የሚባል ነገር ስላልደረሰባቸው ነው እንጂ፣ ሰማዩን ትተው ባህር ይሉ ነበር።

የምናወራው በጎረቤቶቻችን በኬንያና በሶማሊያ ፊት ለፊት፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ስላለ አንድ ሦስት ማዕዘን ነው። ስፋቱ 100 ሺሕ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሥሩ ነዳጅና ጋዝ አለ ይባላል። ይባላል! ከዚያ ቦታ አንድ በርሜል ወጥቶ ሲሸጥ ያየ የለም። ለዚህ ላልታየ ወተት ግን አምባሳደር ተጠርቷል፣ ሁለት መንግሥታት ዘ ሄግ ድረስ ሄደው ሰባት ዓመት ተካሰዋል፣ አንድ ፕሬዚዳንት የዓለም አቀፉን ፍርድ ቤት ውሳኔ «አልቀበልም» ብለዋል፣ በየፌስቡኩ ደግሞ የሁለቱ አገር ወጣቶች ሲሰዳደቡ ከርመዋል።

የእኛ አቋም አጭር ነው። መስመሩ ሳይሰመር ባህሩን ብሎክ ብሎክ እየከፋፈሉ ለኩባንያ ማደል ልማት አይደለም። ድንበር መግፋት ነው። ያውም በሰው መርከብና በሰው ገንዘብ። ያደረገው ጠላትም ይሁን ወዳጅ፣ የድርጊቱ ስም አይለወጥም።

እስቲ ከሥሩ እንጀምር

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኬንያና በሶማሊያ መካከል ያለውን የየብስ ድንበር የተስማሙበት እንግሊዝና ጣሊያን ናቸው፤ በ1924። ያ ድንበር ራስ ካምቦኒ አካባቢ ባህሩ ዳር ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ ወዲያስ? ኬንያ «መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል» አለች። ሶማሊያ ደግሞ «ከሁለታችንም ጠረፍ እኩል እየራቀ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል» አለች። የሶማሊያ ጠረፍ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚዘረጋ፣ የኬንያ መስመር የሚያልፈው በሶማሊያ ደጃፍ ነው። በሁለቱ መስመሮች መካከል የቀረው እንግዲህ ያ ሦስት ማዕዘን ነው።

በ2012 ኬንያ ከዚሁ ቦታ ኤል 21፣ ኤል 23 እና ኤል 24 የተባሉትን ብሎኮች ለጣሊያኑ ኤኒ፣ ኤል 22ን ደግሞ ለፈረንሳዩ ቶታል ሰጠች። ዓመቱን ልብ በሉልን። ሶማሊያ ከ1991 ወዲህ የመጀመሪያውን ቋሚ መንግሥቷን ለማቆም ደፋ ቀና የምትልበት ዓመት ነው። የኬንያ ጦር ከ2011 ጀምሮ ሶማሊያ ውስጥ ነበር። ቤቱ የተቃጠለበት ጎረቤት እሳት ሲያጠፋ፣ አጥሩን ትንሽ ወደዚያ ገፋ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

ሶማሊያ በ2014 ከሰሰች። ደግ አደረገች። ነገር ግን ክሱ ገና ሳይቋጭ፣ በየካቲት 2019፣ ለንደን ላይ ለነዳጅ ኩባንያዎች የባህሯን ጥናት አቀረበች። ኬንያ «የኔን ባህር ጨረታ አወጡት» ብላ አምባሳደሯን ጠራች፤ የሶማሊያውንም «ወደ አገርህ» አለችው። ሶማሊያ «ክርክር ያለበትን አልሸጥንም» ስትል አስተባበለች። እሺ፣ እንመን። ግን ችሎት ላይ ያለ ይዞታ ያለው ሰው፣ ፍርዱ እስኪሰጥ ደላላ ባይጠራ ምን ይጎዳው ነበር?

ድንበር የገፋ ገበሬ

ይህን ነገር ለመረዳት የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም። ገጠር ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ገበሬዎች በአንድ ጥማድ መሬት ይጣላሉ። ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌው እየመከረ ሳለ አንደኛው በሌሊት በሬውን ጠምዶ ያንን መሬት ቢያርሰው፣ ወይም ለሌላ ሰው በእኩል ቢሰጠው፣ አገሩ ምን ይለዋል? መሬቱ በመጨረሻ የእሱ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ነውረኛ ነው።

የዓለም ሕግም የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኬንያም ሶማሊያም የፈረሙት የ1982ቱ የባህር ሕግ ስምምነት፣ በአንቀጽ 74 እና 83፣ ወሰኑ እስኪታወቅ ድረስ ጎረቤቶች ጊዜያዊ መግባቢያ ለማበጀት እንዲጥሩና የመጨረሻውን ስምምነት የሚያደናቅፍ ነገር እንዳያደርጉ ያዛል። ከመርከብ ላይ የድምፅ ሞገድ ልኮ የባህሩን ወለል ማጥናት በአብዛኛው ይታለፋል፤ ወለሉን አይለውጥምና። መቆፈር ግን ሌላ ነው። የተቆፈረ አይደፈንም።

ፍርዱ በጥቅምት 2021 ተሰጠ። ፍርድ ቤቱ የኬንያን ቀጥ ያለ መስመር አልተቀበለም። ሶማሊያ የጠየቀችውንም መስመር ለኬንያ እንዲጠቅም ትንሽ ወደ ሰሜን ገፋ አድርጎ ከባህሩ አብዛኛውን ለሶማሊያ ሰጠ። ኬንያ ቀደም ሲል የቃል ክርክሩን ረግጣ ወጥታ ነበር። ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታም በማግሥቱ ውሳኔውን ከነጭራሹ እንደማይቀበሉት አስታወቁ።

ሁሉም ስለ መስመሩ ጮኸ። እኛን ያስደነገጠን ግን ብዙ ሰው ያላየው ሌላ ቦታ ነው። ሶማሊያ «ኬንያ በባህሬ ላይ ላደረገችው ሁሉ ተጠያቂ ትሁን» ብላ ጠይቃ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን ጥያቄ ውድቅ አደረገው። ከምክንያቶቹም አንዱ፣ ከ2009 በኋላ በቦታው ላይ የባህሩን ወለል የሚለውጥ ቁፋሮ ይካሄድ አይካሄድ በበቂ እርግጠኝነት ማወቅ አለመቻሉ ነው።

እንደገና አንብቡት። ሰባት ዓመት፣ በርካታ ጠበቆች፣ የዓለም ትልቁ ፍርድ ቤት። ጥያቄው ደግሞ ጉድጓድ ተቆፍሯል ወይስ አልተቆፈረም? መልሱ፦ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ጋዜጠኝነት ስንማር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉ ስድስት ጥያቄዎች ነበሩን። እዚህ ባህር ላይ ግን ዳኞቹ እንኳ «ምን» የሚለውን መሻገር አቅቷቸዋል። ታዲያ ዓሣ አጥማጁ ከየት ይወቅ?

በጠዋት ተፈርሞ በማታ የተቀደደ

ድብቅነቱ የኬንያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየካቲት 2022 የሶማሊያ የነዳጅ ሚኒስትር ኮስትላይን ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በሰባት የባህር ብሎኮች ላይ ውል ፈረሙ። በዚያው ቀን የገዛ ፕሬዚዳንታቸውና የገዛ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው «ውሉ ዋጋ የለውም» አሉ። በጥቅምት ወር አዲሱ መንግሥት ከዚያው ኩባንያ ጋር የተሻሻለ ውል ፈረመ። እንዲህ ያለ ውል ሲፈረም፣ ሲሰረዝና ሲመለስ ሕዝቡ ቲያትር ተመልካች ነው። ያውም መጋረጃው ሳይገለጥለት።

አሁንም ፍለጋው ቀጥሏል። ሶማሊያና ቱርክ በመጋቢት 2024 የነዳጅ ስምምነት ተፈራርመው፣ በጥቅምት ኦሩች ሬይስ የተባለችው የቱርክ የጥናት መርከብ ሞቃዲሾ ደርሳለች። ይህች መርከብ ያንን ሦስት ማዕዘን ነካች አላልንም። የምንለው፣ ጎረቤቷ ያልተቀበለችው መስመር ያላት አገር ከሁሉም በላይ ውሎቿን በግልጽ ማስቀመጥ አለባት ነው። የተደበቀ ውል ጥርጣሬ ይወልዳል፣ ጥርጣሬ የጦር መርከብ ይጠራል።

«ድሃ አገር ፍርድ ቤት አይጠብቅም»

ይህን ክርክር ከጓደኞቻችን ሰምተነዋል። «እናንተ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ሕግ ትተነትናላችሁ፣ ሕዝቡ ተርቧል፣ ነዳጁ ይውጣ» ይሉናል። ጥሩ ክርክር ነው። መልሳችንን ከካፌ አናመጣም፤ ከጉያና እናመጣለን።

ጉያና ደቡብ አሜሪካ ያለች ትንሽ አገር ናት። በምሥራቅ ከሱሪናም፣ በምዕራብ ከቬንዙዌላ ጋር በወሰን ትጣላ ነበር። በ2000 ጉያና ፈቃድ የሰጠችው አንድ ኩባንያ በአወዛጋቢው ባህር ሊቆፍር ሲል የሱሪናም የጦር ጀልባዎች መጥተው አባረሩት። ነገሩ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደ። በ2007 መስመሩ ተሰመረ። ዳኞቹ ሱሪናምን «በኃይል አስፈራርተሻል» አሏት። ጉያናን ደግሞ «ጎረቤትሽን ሳትነጋገሪ ቁፋሮ መፍቀድሽ ጥፋት ነው» አሏት። ዱላውም ቁፋሮውም ተወገዘ። ከዚያስ? በዚያ በኩል ጸጥ አለ። ጉያና ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ነዳጅ ታወጣለች። ሱሪናምም ከ2020 ጀምሮ በባህሯ ነዳጅ አግኝታ፣ በ2024 ትልቅ የማውጣት ሥራ ጸድቆላታል። መስመሩን መጠበቅ ማንንም አላስራበም።

በምዕራብ በኩልስ? ከቬንዙዌላ ጋር ያለው ክርክር ሳይቋጭ ፈቃዱ ታደለ፣ ነዳጁ ወጣ። በመጋቢት 2025 የቬንዙዌላ የጥበቃ መርከብ የጉያና ነዳጅ ወደሚመረትበት መርከብ ተጠግታ አገሩን አስጨንቃለች። አንድ አገር፣ ሁለት ባህር። መስመር ባለበት ሥራ አለ፣ መስመር በሌለበት ጭንቀት አለ።

ሩቅ ነው ካላችሁ ወደ አህጉራችን እንምጣ። ጋናና ኮትዲቯር በተመሳሳይ ነገር ተጣሉ። የባህር ሕግ ችሎቱ በ2015 ጋናን «የጀመርሽውን ቀጥይ፣ አዲስ ጉድጓድ ግን አትቆፍሪ» አላት። በ2017 መስመሩን ባብዛኛው ለጋና በሚመች መንገድ አሰመረ። ኮትዲቯር ተሸነፈች ማለት ነው። አምባሳደር ጠርታ፣ ፍርዱን ቀድዳ ጣለች? የለም፣ ተቀበለች። በ2021 በራሷ ባህር ትልቅ የነዳጅ ቦታ አገኘች፣ በ2023 ማምረት ጀመረች። መሸነፍ እንዲህ ነው!

እናንተን ምን አገባችሁ?

ባህር የሌለን ሰዎች ስለ ሰው ባህር ምን እንዳገባን የሚጠይቁ አይጠፉም። ያገባናል። በዚያ ጠረፍ ላይ ያለው የላሙ ወደብ ስሙ ራሱ የእኛን አገር ይዟል፤ ኬንያ፣ ደቡብ ሱዳንና ኢትዮጵያ በ2012 መሠረት የጣሉለት የትራንስፖርት መስመር መነሻ ነው። በ2021 የመጀመሪያው መርከብ ማቆሚያ ሥራ ሲጀምር፣ እኛም አንድ ቀን እንጠቀምበታለን ያልነው ወደብ ነው። ጎረቤቶቻችን በነዳጅ ካርታ ቢታኮሱ ጭሱ እኛም ቤት ይገባል።

ሌላም ያገባናል የምንልበት ምክንያት አለ። ባህር ሲነሳ ደማችን የሚሞቅ ትውልድ ነን። ካርታ ላይክና ሼር እናደርጋለን፤ በካርታው ላይ ሰው እንዳለ ግን እንረሳለን።

በዚያ ካርታ ላይ ባጁኒዎች አሉ። በኬንያም በሶማሊያም ጠረፍና ደሴቶች የሚኖሩ፣ የስዋሂሊ ቋንቋ ዘዬ የሚናገሩ፣ ከባህሩ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። እንግሊዝና ጣሊያን በ1924 ሲስማሙ አልጠየቋቸውም። ናይሮቢ ብሎክ ስታድል፣ ሞቃዲሾ ውል ስትፈርም፣ ወሳኙ ጠረጴዛ ላይ አልነበሩም። በኬንያ በኩል በላሙ አካባቢ ለጸጥታ ተብሎ በሌሊት ዓሣ ማጥመድ ለዓመታት ተከልክሎባቸዋል። ለዓሣ አጥማጁ ጨለማው ሲዘጋበት፣ ለውል ፈራሚው ጨለማው ክፍት ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ጎረቤት ያልተቀበለው መስመር ባለበት ባህር አንድም ጉድጓድ አይቆፈር። የተፈረመ ውል ሁሉ፣ አባሪው ሳይቀር፣ ለሕዝብ ይውጣ። ነዳጁ ይቆይ፣ ዓሣው ግን አይቆይም፤ የሁለቱ አገር ዓሣ አጥማጆች እንደ ድሯቸው እንዲሠሩ የሚያስችል መግባቢያ አሁኑኑ ይበጅ። ለዚህ የነዳጅ ኩባንያ አያስፈልግም። ሁለት ጎረቤት መንግሥታት አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ይበቃል።

እኛም ብንሆን፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው ባህር ላይ ቀለም የተቀባ ካርታ ልኮልን «የኛ ነው!» ሲለን፣ ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቀው። ውሉን አይተኸዋል ወይ?

ካላየው፣ ላሟ አሁንም ባህር ላይ ናት።

ቸር እንሰንብት።