ለኗሪውም ዕድር

ዕድርተኛ ነዎት? ባይሆኑም አባትዎ ሳይሆኑ አይቀሩም። ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ ለቀብራችን ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ነገር ግን ሰው ከመሞቱ በፊት የሚኖር መሆኑን የዕድሩ ደንብ ያስታውሳልን?

በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ይህን አስታውሰዋል። በየትውልድ ቀያቸው ተከፋፍለው ይረዳዱ የነበሩት ተባብረው አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። ነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም እንደ ዐቅሙ አዋጣ። መንገድ በሌለበት አገር ሕመምተኛ በቃሬዛ ይወጣል፤ ለመስቀል የሚገባውም በእግሩ ይደክማል። ስለዚህ ወልቂጤን በእንድብር በኩል ከሆሳዕና ለሚያገናኘው መንገድ ተረባረቡ። ትምህርት ቤትም ሠሩ።

ልብ ይበሉ! እያንዳንዱ ማኅበር ለብቻው ቢሆን ኖሮ አንድ ድልድይ እንኳ በከበደው ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» መባሉ ስለዚህ ነው።

«እኔ ተማሪ ነኝ፤ ደመወዜም ትንሽ ነው» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ቃለ ጉባኤ መጻፍና ሒሳብ መያዝ ያውቃሉ፤ ይህም መዋጮ ነው። እንግዲህ በሚመጣው ስብሰባ እጅዎን ያውጡና «ከወንዝ ማዶው ዕድር ጋር ስለ ድልድዩ እንነጋገር» ይበሉ። ሽማግሌዎቹ ቢያጉረመርሙ አይደንግጡ፤ ክረምት ሲመጣ ወንዙን የሚሻገሩት እነርሱም ናቸው።