የምስጢር ቁጥር በአደባባይ

ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን፣ ሳፋሪኮምም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳን ከጀመሩ ወዲህ፣ ገንዘብ በስልክ መላክ ተራ ነገር ሆኗል። ደስ ብሎናል። ነገር ግን በየወኪሉ ሱቅ በር የምናየው ነገር ያሳስበናል።

አንዲት እናት ልጃቸው የላከላቸውን ገንዘብ ሊያወጡ ይመጣሉ። ፊደል አልቆጠሩምና ስልካቸውን ለባለሱቁ ሰጥተው፣ የምስጢር ቁጥራቸውን ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ ይነግሩታል። ባለሱቁ ብዙውን ጊዜ ጨዋ ሰው ነው፤ ባይሆንስ? ገንዘብ ለማስገባት ቁጥሩ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ለማውጣትም መምታት ያለበት ባለቤቱ ብቻ ነው።

ጥፋቱን በእናቶች ላይ አንጥልም። ስለ ፍጥነቱ የሚነገረው ማስታወቂያ ብዙ ነው፤ ስለ ምስጢሩ በእናቶች አነጋገር የሚያስረዳው ግን ጥቂት ነው። ድርጅቶቹ ወኪሎቻቸውን «አይንገሩኝ፣ እማማ፤ እርስዎ ይምቱት» ማለትን ቢያስተምሩ ምን ይከብዳል? ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች እኮ መቶ ብርን ከሁለት መቶው ለይተው የሚቆጥሩ ናቸው፤ አኃዝ አያቅታቸውም።

ከተማ ያለነው ልጆችም ለበዓል አገር ቤት ስንገባ፣ እናታችን ቁጥሩን በገዛ ጣታቸው ደጋግመው እንዲመቱ ብናለማምዳቸው ሩብ ሰዓት አይፈጅብንም።