ጨዋታና ጨዋነት

በሕዝባችን ዘንድ ዝምተኛው ጨዋ፣ ተጫዋቹ ዋዘኛ ይባላል። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ባህላችን የቀልድና የፈጠራ ጠላት ነው» ሲሉ እንሰማለን። እኛ ግን ነገሩ በሁለት ወገን ሊታይ ይገባዋል እንላለን።

አለቃ ገብረ ሐና አህያ እየነዳ የሚመጣ ሰው ባገኙ ጊዜ እጅ ነሥተው «እንደምን አደራችሁ» አሉት ይባላል። ሰውየው ቤተሰቡን ጭምር የጠየቁለት መስሎት ደስ ብሎት አለፈ፤ ሰላምታው ለእሱና ለአህያው መሆኑ የገባው ከራቀ በኋላ ነው። የሰላምታ ሥርዓታችን እንዲህ ጥብቅ ባይሆን ኖሮ ይህ ቀልድ ባልተፈጠረም ነበር። ፊት ለፊት መናገር ነውር በሆነበት አገር ሰምና ወርቅ ይወለዳል። ይሉኝታ አፍ ቢዘጋም ብልሃት ያስተምራል።

ሆኖም ሰሙ የማያድንበት ጊዜ አለ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ሲጽፉ ሹማምንቱን በስም አልጠሩም፤ ያናገሩት አውሬዎችን ነው። ይሁን እንጂ ወርቁ ስለ ታወቀ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን (1909–1922 ዓ.ም.) ታገደ። ዘመናዊ ቴአትራችንም ገና ሲጀመር ተሰናከለ።

ክልከላ ግን ከቤተ መንግሥት ብቻ አይመጣም፤ ከቤታችንም ይመጣል። አንዳንዶቻችን በምንኖርበት በሰሚት በየኮንዶሚኒየሙ ቡና ሲጠጣ የሚቀልዱት ታላላቆች ናቸው። ታናሹ አንድ ቃል ጣል ቢያደርግ «በትልቅ ሰው ፊት!» ይባላል፤ ልጃገረድ ከሆነች ደግሞ «አፍሽን ሰብስቢ» ይጨመርባታል። ይኸው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ሲሉ አንገቱን ይደፋል። ከዚያ ወዲያ «ተማሪው አዲስ ሐሳብ አያፈልቅም» እየተባለ ይወቀሳል። ቀልድ ያልተገናኙ ሁለት ነገሮችን ማገናኘት ነው፤ ፈጠራም ይኸው ነው። አንዱን የነፈጉት ልጅ ሌላውን ከየት ያመጣል?

ሥርዓት ይፍረስ አንልም፤ ቀልድ የደካማ መሣለቂያ እንዲሆንም አንሻም። የምንጠይቀው ሰምና ወርቁ ለታናሾችና ለእኅቶቻችንም እንዲፈቀድ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን በየወሩ አንድ የግጥምና የጨዋታ ምሽት ያሰናዳ፤ መምህራኖቻችንም ከፊት ወንበር ይቀመጡ። ተማሪ ሲቀልድባቸው ቢስቁ ክብራቸው አይጎድልም፤ አለቃ ገብረ ሐናም መምህር ነበሩ።