ጉልበት ከወዴት ይመጣል?

«ጉልበት የሚገኘው በልምምድ ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ግን ልምምድ ያለ ምግብ፣ ያለ ውሃና ያለ ዕረፍት ከንቱ ድካም ነው እንላለን።

የዋጃን ገበሬ እንመልከት። የማሽላ ጆንያ ከመሬት ብድግ ሲያደርግ በጡንቻው ውስጥ ተዘጋጅቶ የቆየው ኤቲፒና ክሬቲን ፎስፌት ይረዱታል፤ ይህ ስንቅ ግን ከ10 ሴኮንድ እምብዛም አያልፍም። ጆንያውን እንደ ተሸከመ ሲጣደፍ፣ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ያህል፣ ጡንቻው አብዛኛውን ኃይል ስኳርን ያለ ኦክስጅን በመሰባበር ያገኛል። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ደግሞ ስኳርና ስብ በኦክስጅን ይቃጠሉለታል። ጀግናው አበበ ቢቂላም በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የፈጸመው በተለይ በዚሁ በሦስተኛው ኃይል ነው።

ስንቁ ሲያልቅስ? ሰውነት የገዛ ጡንቻውን መብላት ይጀምራል። ወሎ ይህን በ1977 ዓ.ም. ረሀብ በዓይኗ አይታዋለች። ታዲያ ቁርስ ያልቀመሰን ተማሪ በቆላው የቀትር ፀሐይ «ሩጥ!» ማለት ማጠንከር ነውን?

ስለዚህ ልምምዱ በማለዳ ይሁን፤ ውሃ አይጓደል፤ ክብደት ያነሣ ሰው እንደገና ከማንሣቱ በፊት 3 ደቂቃ ያህል ይረፍ፤ ከሁሉ በፊት ግን ተማሪው ይብላ። የዋጃ ገበሬ በሬውን ሳያበላ አይጠምድም። ለበሬ የታወቀው ሕግ ለተማሪ ስለ ምን ይከለከላል?