የሴፍቲኔት ኮታ የዛሬውን ችግር ይከተል

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ማለትም በየዓመቱ የእህል ክፍተት ለሚገጥማቸው የገጠር ቤተሰቦች በአካባቢ ልማት ሥራ ተሳትፎ፣ መሥራት ለማይችሉት አረጋውያንና ሕሙማን ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል የሚያቀርበው ሥርዓት፣ ቀድሞ በየዓመቱ በአስቸኳይ ጥሪ ይጠበቅ የነበረውን ዕርዳታ አስቀድሞ ወደሚታወቅ ድጋፍ በመለወጡ የሚሊዮኖችን ሕይወት ታድጓል። ይሁን እንጂ አንድ ችግረኛ ቤተሰብ በዚህ ፕሮግራም የመታቀፍ ዕድሉ ከችግሩ ክብደት ይልቅ በሚኖርበት ወረዳ መወሰኑ እስከ ዛሬ አልተስተካከለም።

የዚህ ምክንያቱ ከአመራረጡ ይጀምራል። ወረዳዎች የተመረጡት በዋናነት ቀደም ባሉት ዓመታት የምግብ ዕርዳታ በተከታታይ ሲቀበሉ በመቆየታቸው ስለነበረ፣ የወሎ ወረዳዎች በብዛት ሲካተቱ፣ «ትርፍ አምራች» ከሚባሉት መካከል የሚቆጠሩት አብዛኞቹ የጎጃም ወረዳዎች ከዝርዝሩ ውጭ ሆኑ። የወረዳው አማካይ ምርት ግን በውስጡ የሚኖረውን መሬት አልባ አባወራ ወይም ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት ጎተራ አይሞላም።

በተመረጡት ወረዳዎችም ቢሆን ተጠቃሚዎችን የሚለየው የቀበሌ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ከላይ በተቆረጠለት ኮታ ውስጥ ስለሚሠራ፣ ችግረኛው ከኮታው ሲበዛ ከአንድ ቤተሰብ የተወሰኑ አባላትን ብቻ ይመዘግባል፤ ለጥቂቶች የታሰበው እህል በመላው ቤተሰብ ሲከፋፈልም ድጋፉ የተነሣለትን ክፍተት አይደፍንም። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም በአንድ ቀበሌ ለሚኖር አርሶ አደር የተነደፈው የልየታ ደንብ ውኃና ግጦሽ ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር አይመችም፣ የተገኘውን ለጎሳ አባላት ማካፈልም በዚያ የቆየና የሚከበር ግዴታ ነው። ይህን መተሳሰብ እንደ አሠራር ጉድለት መቁጠር ስሕተት በመሆኑ፣ መስተካከል ያለበት ደንቡ ነው።

በጀቱ ውስን መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጀት ሲያንስ ክፍፍሉ ይበልጥ ፍትሐዊ መሆን እንጂ በቆየ ዝርዝር መመራት የለበትም። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚያስተባብረው ግብርና ሚኒስቴር ከክልሎች ጋር በመሆን የወረዳዎችን ዝርዝርና ኮታ በየጊዜው በሚካሄደው የበልግና የመኸር ጥናት መሠረት እንዲከልስ፣ ውጤቱንም በየቀበሌው በይፋ እንዲለጥፍ ይህ ጋዜጣ ይጠይቃል።