ከራስ በላይ ነፋስ፣ በራስ ላይ ሄልሜት

“ከራስ በላይ ነፋስ” የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ለታላቅ ወንድሜ ግን ነገሩ አባባል ብቻ አይደለም። የሚኖረው ጀርመን ነው፤ አልትራላይት የሚባለውን ቀላል አውሮፕላን ማብረር እየተማረ ይገኛል። የሱ ዓይነቷ በር የላት፣ ጣሪያ የላት። ከላይ የሸራ ክንፍ፣ ከታች ባለ ሦስት ጎማ ወንበር፣ ከኋላ ሞተር፣ አለቀ! በቀደም ስልክ ደውሎ፣ “አንተ መካኒካል አይደል የምትማረው? የድሮውን የሞተር ሳይክል ሄልሜቴን ባደርግስ? ድንጋይ እኮ ነው፤ አንዴ ወድቄበት እንኳ አልተሰነጠቀም” አለኝ።

“ጋሼ፣ እሱንማ ጣለው” አልኩት። ምክንያቴን እዚህ የምጽፈው እኛም ግቢ ውስጥ ሄልሜት ጥሩ የሚሆነው ድንጋይ ሲሆን የሚመስለን ብዙ ስለሆንን ነው።

እስቲ እናስላው። ጭንቅላት ከ1.5 ሜትር ቢወድቅ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.4 ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነቱን በራሱ አባዝተን ለማቆሚያው ርቀት እጥፍ እናካፍል። በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ እንዲቆም ከተገደደ፣ ጭንቅላቱ የሚሸከመው አማካይ ኃይል የራሱን ክብደት 750 እጥፍ ያህል ይሆናል። በ2 ሴንቲ ሜትር ከቆመ ግን 75 እጥፍ ብቻ! ይህን ርቀት የሚሰጠን ጠንካራው ቅርፊት ሳይሆን ከውስጥ ያለው ፎም ነው። ፎሙ እየተጨፈለቀ ጉልበቱን ይውጣል፤ አንዴ ከተጨፈለቀ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። የወንድሜ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

የሚገርመው፣ ሐሳቡ ራሱ የመጣው ከአብራሪዎች ነው። የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ቻርልስ ሎምባርድ፣ ከኸርማን ሮት ጋር ሆኖ፣ ጠንካራ ቅርፊትና የሚጨፈለቅ ገበር ላለው ሄልሜት እ.ኤ.አ. በ1953 የፈጠራ መብት አግኝቷል። የዛሬዎቹ የሞተር ሳይክል ሄልሜቶች የዚያው ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ታዲያ አዲስ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ቢገዛስ? በኔ አስተያየት እሱም አይሆንም። ፊት የሚሸፍነው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ወደ 1.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ነፋስ እየገፋው አንገት ላይ ሰዓታት መቀመጥ አለበት። ወደ ላይና ወደ ጎን ማየትን ይጋርዳል፤ ሰማይ ላይ ደግሞ ሌላው አውሮፕላን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ለሄድሴት ቦታም የለውም። ፎሙን በቢላዋ ፍቆ ቦታ ማበጀት ማለት ያችኑ 2 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ መጣል ነው።

ስለዚህ ለወንድሜ ሦስት ነገር ነገርኩት። አንደኛ፣ ውስጡ ያለውን ምልክት እይ፤ በአውሮፓ ለአየር ስፖርት የወጣው መለኪያ ኢኤን 966 ነው፣ ለአልትራላይትም የራሱ ምድብ አለው። ሁለተኛ፣ ማሰሪያውን አስረህ ራስህን ነቅንቅ፤ ሄልሜቱ ለብቻው ከዞረ ሰፍቶሃል። ሦስተኛ፣ ከነሄድሴትህ ለካው። ቀለምና ዋጋ ከዚህ በኋላ ይምጡ።

እርግጥ አንዳንዶች “አውሮፕላን ከወደቀ ሄልሜት ምን ያደርጋል?” ይላሉ። እውነት ነው፣ ከከፍታ ለሚደርስ ውድቀት መድኃኒት አይደለም። ቀበቶም፣ ጥሩ ሥልጠናም ከሱ ይቀድማሉ። ነገር ግን አደጋ ሁሉ ከሰማይ መውደቅ አይደለም። ሲያርፉ መገልበጥ አለ፣ ከብረቱ ጋር መጋጨት አለ። ሄልሜት የሚሠራው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ወንድሜ አዲሱን ሊገዛ ተስማምቷል። አሮጌውን ግን ለጓደኛ ልስጠው ሲል “ተው ጋሼ! ማሰሪያውን ቆርጠህ ጣለው” አልኩት። ለራሳችን ያልሆነውን በሌላ ሰው ራስ ላይ ማድረግ ደግ አይደለማ!