ፍሬን የፈሪ አይደለም

የቴሌግራም ግሩፓችን ስም «ፍሬን የፈሪ ነው» ይባላል። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ማንን ብወቅስ መጀመሪያ ራሴን እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

አምስት ነን። ሁለቱ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አብረውኝ ያሉ ኢንጂነሮች ናቸው፤ አንዱ ባንክ ይሠራል፣ አንዱ ፋርማሲስት ነው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተጣብቄ ኮድ የምጽፍ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ ተገናኝተን እንጦጦን እንወጣለን። «እንወጣለን» ስል ግማሹን እየነዳን፣ ግማሹን ሳይክሉን እየገፋን ማለቴ ነው። ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ ሳንባ ቀልድ አያውቅም። ላይ ስንደርስ ሻይ እንጠጣለን፣ ከዚያ በባሕር ዛፉ መሀል ባለችው ቀጭን የእግር መንገድ ቁልቁል እንለቀዋለን። ሳምንቱን ሙሉ የምንጠብቀው እነዚያን አሥራ አምስት ደቂቃዎች ነው።

የገጠመን መዓት ቢጻፍ መጽሐፍ ይወጣዋል። ፋርማሲስቱ በሱሉልታ በኩል ስንወርድ ካቴናው ተበጥሶበት ሳይክሉን ከድንች ጆንያ ጋር አይሱዙ ላይ ጭነን ተመልሰናል። የባንኩ ልጅ የተነፈሰ ጎማ ፈትቶ አዲስ ካለመዳሪያ ከገጠመ በኋላ፣ አዲሱን ራሱ በጎማ ማውለቂያው እንደበሳው ያወቀው ሃምሳ ሜትር ሄዶ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ውሻ አባሮን አምስታችንም የፍጥነት ሪከርዳችንን ሰብረናል፤ ያውም ዳገት ላይ።

እነዚህን ታሪኮች እወዳቸዋለሁ። በሁሉም ውስጥ የወደቅነውም፣ የተላጥነውም፣ የሳቅነውም እኛው ነን። ኅዳር ላይ የሆነው ግን እንደዚህ አይደለም። እኛ ግሩፕ ውስጥ ግን ልክ እንደነዚህ ሆኖ ነው የተነገረው፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ያን ቀን ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ። አፑ በኋላ እንዳሳየኝ ፍጥነቴ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ነበር። አንድ ኩርባ አለ፤ በግራ በኩል አፈሩ ተቆርጦ እንደ ግድግዳ የቆመ፣ በቀኝ በኩል ቦይ ያለው። ኩርባውን ስዞር ፊቴ ላይ እንጨት የተሸከሙ እናት አሉ። በትክክል ልናገር ካልኩ፣ ያየሁት እሳቸውን አልነበረም። ያየሁት የሚራመድ የቅርንጫፍ ክምር ነው፤ ከሥሩ ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ። ሸክሙ ከመንገዱ ይሰፋል።

«መንገድ! መንገድ!» ብዬ ጮህኩ።

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ሰው ከኋላው ሲጮህበት ምን ያደርጋል? ዞር ይላል። እሳቸውም ዞር አሉ። ወገብ ላይ በገመድ የታሰረ፣ በሁለት በኩል የተንዘረጠጠ ሸክም ያለበት ሰው ዞር ሲል ሸክሙም አብሮ ይዞራል። ያ ሁሉ ቅርንጫፍ እንደ ኬላ እንጨት መንገዱን ዘጋው። ፍሬን ያዝኩ፣ የኋላው ጎማ በደረቁ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ተንሸራተተ፣ ሳይክሉ ወደ አንድ በኩል፣ እኔ ወደ ሌላው። እሳቸው ሊያሳልፉኝ ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ሲሉ ሸክሙ ጎተታቸውና ቦዩ ውስጥ ወደቁ።

መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ «ልጄ፣ ተጎዳህ ወይ?»

ሄልሜት አድርጌያለሁ፣ ጓንት አለኝ፣ የጉልበት መከላከያ አለኝ። እሳቸው በኮንጎ ጫማ ናቸው። እና ተጎዳህ ወይ ብለው የጠየቁት እኔን ነው።

ጓደኞቼ ደረሱ። ሸክሙን ለማንሳት ሦስት ሆነን ነው የቻልነው፤ ያውም «ቀስ በሉ፣ ገመዱ እንዳይፈታ» እያሉ እየመሩን። ቁርጭምጭሚታቸው ማበጥ ጀምሯል። ፋርማሲስቱ አይቶ ሐኪም ቤት እንሂድ አላቸው። «የዛሬው እንጨት ሳይሸጥ ሐኪም ቤት?» አሉና ትንሽ ሳቁ። ኪሳችን ያለውን ብር አዋጥተን ሰጠናቸው፤ መርቀውን ተቀበሉ። ሸክሙን እስከ አስፋልቱ እናድርስ አልናቸው፤ ሁለታችን እየተፈራረቅን ያን ርቀት ለመውረድ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ስማቸውን አልጠየቅኩም። ይኼ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ማታ ግሩፑ ላይ ቪዲዮ ተለቀቀ። ከኋላዬ የነበረው ልጅ ደረቱ ላይ ካሜራ አስሮ ነበር። ስድስት ሰከንድ፤ እኔ ስንሸራተት፣ ሳይክሉ ሲገለበጥ፣ የሳቅ ድምፅ ተጨምሮበት። ሴትየዋ የሉም። ክፋት አልነበረውም፤ ልጁ «ፊታቸውን ማሳየት ነውር ነው ብዬ ነው የቆረጥኩት» አለኝ፤ አምነዋለሁ። ውጤቱ ግን ያው ነው። ሃምሳ የሚሆን ሰው አየው፣ ሳቀ፣ «አይዞህ ጀግና» አለኝ። የአደጋው ተጎጂ ከአደጋው ታሪክ ወጡ።

የእኔ ክስ እንግዲህ ይኼ ነው። እኛ ጀብዱ የምንለው ነገር ሌላ ሰው ሥራ የሚሄድበት መንገድ ላይ ነው የሚካሄደው። ሰውየውን ከቪዲዮው ስንቆርጠው መጀመሪያ ያልታየን መንገዱ ላይ ነው። ፍጥነታችንን የምንመርጠው እዚያ ማንም እንደሌለ አድርገን ነው።

ኢንጂነር ነኝ፤ ሂሳቡን ልሥራው። በሳምንቱ ተመልሼ ኩርባውን በእርምጃ ለካሁት። ከኩርባው መግቢያ ቆሞ ወደፊት የሚታየው 12 ሜትር ያህል ነው። የሰው እጅ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ይፈጃል ብለን እናስብ፤ በላላ አፈርና በቅጠል ላይ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ፍጥነት በየሰከንዱ 3 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል እንበል። ግምት ነው፣ ግን ለጋስ ግምት ነው። በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ሳይክል ለመቆም ወደ 24 ሜትር ይፈልጋል። እኔ የነበረኝ 12 ነው። ኩርባው ውስጥ ያደረግኩት ነገር ሁሉ፣ ጩኸቱም ፍሬኑም፣ ዋጋ አልነበረውም፤ ነገሩ ያለቀው ከኩርባው በፊት ነበር። በ12 ሜትር ለመቆም ፍጥነቱ ከ21 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም። በቃ። ጀግንነትም ፍርሃትም ቀመሩ ውስጥ የሉም።

«ፍሬን የፈሪ ነው» የሚለው አባባል ከስፖርቱ የመጣ ይመስለን ነበር። ስፖርቱ ራሱ የተወለደበትን ታሪክ ስታነቡ ግን ያስቃል። በ1970ዎቹ (በፈረንጆች) ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን በሚባል አውራጃ፣ ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ሳይክሎችን እያደሱ ተራራ ቁልቁል ይወዳደሩ ነበር። የዚያ ውድድር ስም «ሪፓክ» ነው፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው። ለምን? ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኋላው ፍሬን ከመጋሉ የተነሳ ውስጡ ያለው ግሪስ ጨሶ ያልቃል፤ ስለዚህ ከወረዱ በኋላ ፈትተው አዲስ ግሪስ መሙላት ነበረባቸው። የማውንቴን ባይክ አባቶች ውድድራቸውን የሰየሙት በፍሬን ነው! ግሪስ እስኪጨስ ድረስ ፍሬን ይይዙ የነበሩ ሰዎችን ፈሪ የሚል ይምጣና ይንገረኝ።

እዚያው ማሪን የሆነው ሌላም ነገር አለ። ሳይክሉ ሲበዛ ከእግረኞችና ከፈረሰኞች ጋር ጠብ ተነሳ። ብዙ ቀጫጭን መንገዶች ለሳይክል ተዘጉ፤ በተፈቀዱት ላይ ደግሞ በሰዓት 15 ማይል፣ ማለትም 24 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የፍጥነት ጣሪያ ተደረገ፤ በማያሳይ ኩርባ ላይ 5 ማይል፣ 8 ኪሎ ሜትር ብቻ። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ የተለመደው የዱካ ደንብም ግልጽ ነው፤ ሳይክል ለእግረኛም ለፈረስም መንገድ ይለቅቃል፣ የሚወርድ ለሚወጣ ይለቅቃል። ያ ሁሉ ደንብ የወጣው ለመዝናናት የወጣ እግረኛን ለመጠበቅ ነው። የእኛ እግረኛ ግን ሽርሽር ላይ አይደለችም፤ ወገቧ ላይ የዛሬ እራት አለ።

ጓደኞቼ የሚሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ ሻይ ላይ ስንት ቅዳሜ ተከራክረንበታል።

አንደኛ፣ «እንጨት መልቀሙ መቼ ተፈቀደና? ጫካውን እየጨረሱት እኮ ነው» ይላሉ። እሺ፣ ጫካው ማን ነው? የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከጥንት የነበረ ደን አይደለም። ከተማይቱ ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ አልቆ፣ የእንጨት ችግር ሲጠና በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለ ዛፍ ነው፤ ስሙም ያንኑ ይናገራል። ለማገዶ ታስቦ በተስፋፋ ዛፍ ሥር ሳይክል እየነዳን፣ ማገዶ ተሸካሚዋን «እዚህ ምን ትሠራለች?» ብለን ስንጠይቅ እንግዳው ማን እንደሆነ ረስተናል። ደግሞ መፈቀድ አለመፈቀዱ የሕግ ጥያቄ ነው፤ ሳይክል አንስቶ ሰው ላይ መልቀቅ ግን በየትኛውም ሕግ ቅጣት ሆኖ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ «ታዲያ የት እንንዳ?» ይላሉ። ይኼ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ የሳይክል መንጃ አለው፤ የፍጥነት ጥማት ያለበት እዚያ ይጀምር። እውነት ለመናገር ግን እኔም የእግር መንገዷን እወዳታለሁ፤ ተው ብትሉኝ አልተውም። መንዳት ሌላ፣ የራስ እንደሆነ አድርጎ መንዳት ሌላ።

ሦስተኛ፣ «ኩርባ ላይ ፍሬን መያዝ ይጥላል» ይላሉ። እውነት ነው፣ እኔን ጥሎኛል። ለዚህ ነው ፍሬን ከኩርባው በፊት የሚያዘው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ኩርባ ውስጥ የሚያዝ ፍሬንም እንደዚያው ነው።

አራተኛው ላይ ይከብደኛል። «ደስታው ይሄዳል» ይላሉ። አዎ፣ ትንሽ ይሄዳል። ከኅዳር ወዲህ እንደ ድሮው ሆኜ ወርጄ አላውቅም። ያ ሆድ ባዶ የሚያደርግ ስሜት፣ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅኩት፣ ቀንሶብኛል። ምንም አልጎደለብኝም ብዬ አልዋሽም። ግን ደስታዬ የሌላ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ የተያዘ ብድር ከሆነ፣ መቀነሱ ዕዳ መክፈል ነው።

ስለዚህ ተራራ ለምትወጡ ሁሉ የምጠይቀው ይኼን ነው። ማየት ከምትችሉት ርቀት በላይ አትፍጠኑ። ሸክም ያለበት ሰው ከኋላ ስታገኙ አትጩኹ፤ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ውረዱ፣ «እንደምን አደሩ እናቴ» በሉ፣ ሰፊ ቦታ እስኪያገኙ ጠብቁ። እሳቸው መንገድ ሊለቁላችሁ ሲሞክሩ «አይ፣ ይሂዱ» በሉ፤ በዚያ ሸክም ዳር መያዝ ራሱ አደጋ ነው። ፋሻና የሕመም ማስታገሻ ያዙ፤ ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን። እና የወደቃችሁበትን ቪዲዮ ስትለቁ፣ ፊት ባታሳዩም፣ ማን እንደነበረ ጻፉ።

የግሩፑን ስም እንቀይር ብዬ ድምፅ አሰጥቼ ነበር። ሦስት ለሁለት ተሸነፍኩ። የባንኩ ልጅ «ስብከት አበዛህብን» ብሏል፤ ፋርማሲስቱ ግን አሁን ቦርሳው ውስጥ ፋሻ ይዞ ይመጣል። እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምወርደው። ያቺ ኩርባ ጋ ስደርስ እወርድና ሳይክሉን እየገፋሁ አልፋለሁ፤ እነሱ ታች ሆነው ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። የእንጨት ሸክም ባየሁ ቁጥር ከሥሩ ያሉትን ፊት ጎንበስ ብዬ አያለሁ። እስካሁን እሳቸውን አላገኘኋቸውም። ካገኘኋቸው መጀመሪያ የምጠይቀው ስማቸውን ነው።